ተንጠልጥሎ የነበረው ጆንያ

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴን ብትጠይቋት አሥራ ስድስት ትላችሁ ነበር። እርሷ የኔን ዕድሜ የምትቆጥረው ጎርፍ የሸንኮርን በር መንገድ ከበላበት ክረምት ጀምራ ነው፤ የትኛው ክረምት እንደሆነ ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥታ አታውቅም። ብቻ አሥራ ስድስትም ይሁን አሥራ ሰባት፣ ሥራ ይዤ ነበር። ሥራ በመያዜም ከጀጎል ልጆች ሁሉ የበለጥኩ ይመስለኝ ነበር። የማወራችሁ ነገር የሆነው አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይኸው ነው፣ አምስት ሰዓት። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጆንያ ተንጠልጥሎ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ እኔና እማዬ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አው ዩሱፍ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። «አው» ሀረሮች ትልቅ ወንድ የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። ሚስታቸውን ደግሞ «አባይ ሩቂያ» እንላቸዋለን፤ እሱም ለትልቅ ሴት ነው። እነሱ እስላሞች፣ እኛ ክርስቲያኖች። ለፋሲካ የምናርድበት ቢላዋ የሚሳለው በአው ዩሱፍ ሞረድ ነበር። አባይ ሩቂያ በረመዳን ሲያፈጥሩ ለኔ ሳይደርሰኝ የቀረ ሳምቡሳ ትዝ አይለኝም። አው ዩሱፍ በጉልምስናቸው መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ከሶፊ ገበሬ እስከ ፈረስ መጋላ ነጋዴ፣ ቁርኣኑ የተበጣጠሰበት ሁሉ ወደሳቸው ነበር የሚመጣው። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ዓይናቸው ደክሞ መርፌውን ትተውት ነበር።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቆምኩ። ዘመኑን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ስኳር በቀበሌ፣ ሳሙና በቀበሌ፣ ደብተር ደግሞ በቀበሌም የለም። አቦከር በኩል፣ ከግንቡ ውጪ አንድ የሴቶች የእጅ ሥራ ማኅበር ነበር። መሶብና ሰፌድ ይሠራ የነበረው ማኅበር በዚያ ዓመት «ወረቀት እንሥራ» ብሎ ተነሣ። ሐሳቡን ያመጣው ጋሽ ወርቁ ነው። ሸዋ ውስጥ አንድ ወረቀት ፋብሪካ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ሁለት ጣቱን ማሽን ወስዶበት ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው።

ጋሽ ወርቁ ነፍሱን ይማረውና ሲያስተምር ደስ ይል ነበር። የመጀመሪያ ቀን አንድ የባሕር ዛፍ ፍላጭ አንስቶ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለን።

«እንጨት» አልነው።

«አይደለም። ክር ነው። በሙጫ የተጣበቀ ክር። እኛ ሙጫውን እናሟሟለን፣ ክሩን እናተርፋለን። በቃ፣ ወረቀት ማለት እሱ ነው።»

አላመንነውም። እሱ ግን ባሕር ዛፉን አስላጠን፣ በመጥረቢያ እንደ ጣት አስቆራረጠን፣ ኮስቲክ ሶዳ በገባበት በርሜል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አስቀቀለን። ሽታው! ሠፈሩ በሙሉ ቀበሌ ሄዶ ከሶናል። ውሃው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ደጋግመን ስናጥበው ግን ከሥሩ ለስላሳ ቡናማ ነገር ወጣ፤ በጣትና በጣት መካከል ሲጎተት እውነትም ክር ነው። እማዬ ጥጥ ፈታይ ስለሆነች ጭብጥ አድርጌ ወስጄ አሳየኋት። አሸት አሸት አደረገችውና «ይሄ ይፈተላል እኮ» አለች።

የእንጨቱ ክር ብቻውን ሻካራ ወረቀት ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አሮጌ ወረቀት በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በማግሥቱ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከእንጨቱ ክር ጋር ይቀላቀልና እንደ አጥሚት ይቀጥናል። ከዚያ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ወንፊት ተነክሮ ይወጣል፣ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ወንፊቱ ላይ ስስ ነገር ይቀራል። እሱን ጨርቅ ላይ ገልብጦ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማድረቅ ነው።

በዚያ ሳምንት ትእዛዝ ወጣ። ሐሙስ በስምንት ሰዓት ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት እንግዳ መጥቶ ሥራችንን ያያል፤ እያንዳንዷ አባል አንድ ጆንያ አሮጌ ወረቀት ታምጣ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አልማዝ ነበረች፤ ፊሽካ በአንገቷ አንጠልጥላ የምትውል፣ ስትቆጣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት። ድምፅዋን አለማንሣቷ ነበር የሚያስፈራን።

ወረቀት ከየት ይምጣ? አባይ ሩቂያን ለመንኳቸው።

«የልጄ ሱቅ ወረቀት አለ» አሉ። «ከጅቡቲ የሚመጣ የዕቃ መጠቅለያ፣ የንግድ ደብዳቤ ምናምን። ጓዳ ነው ያለው ጆንያው፣ ግቢና ውሰጂ።»

ረቡዕ ወደ ማታ ጓዳ ገባሁ። ጆንያው ግን ሁለት ነበር። አንዱ መሬት ላይ ወድቋል፣ አይጥ በልቶታል፣ ሥሩ ረጥቧል። ሌላው ከጣሪያው ሥር፣ ከረጅም የእንጨት ችንካር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ አፉ በነጭ ክር የተሰፋ። እኔ ምን አሰብኩ? ደህናውን አይጥ እንዳይነካው ሰቅለውልኛል አልኩ። እኛ ቤት ዕቃ የሚሰቀለው ለአይጥ ነዋ! በርጩማ ላይ ወጥቼ አወረድኩትና ተሸክሜ ሄድኩ። ማኅበሩ ግቢ ስደርስ ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ስፌቱን ፈትቼ፣ ከሦስቱ የመዘፍዘፊያ በርሜሎች ሦስተኛው ውስጥ፣ ትንሽ ጋዜጣ ከነበረበት ላይ ገለበጥኩት። ዓረብኛ ጽሕፈት አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ከጅቡቲ የመጣ ነው ተብሏል፤ በጀጎል ደግሞ የሻይ ቅጠል ፓኮ ላይ ሳይቀር ዓረብኛ አለ። ውሃ ሞላሁበት፣ በዱላ ወደ ታች ገፋሁት፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቦኖ ተሰልፌ፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አባይ ሩቂያ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ዘኑ፣ አንቺ ሰነፍ! ጆንያውን ሳትወስጂው እንግዳሽ ሊመጣ ነው።»

«ኧረ ወስጃለሁ አባይ፣ ትናንት።»

«ምኑን ወሰድሽ? አሁን ጓዳ ስገባ እዚያው መሬት ላይ ተዘርግፎ አየሁት።»

«እሱንማ አይጥ በልቶታል። የተንጠለጠለውን ነው የወሰድኩት።»

 የያዙት ሙዳይ ከእጃቸው አልወደቀም፤ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። እንዲያ ቀስ ማለታቸው አስፈራኝ።

«የቱን?»

«ከላይ... የተሰፋውን።»

«ያ አላህ! ያ አላህ!» ግድግዳውን ያዙ። «ልጄ፣ ያ ሙስሀፍ ነው። ቁርኣን ነው። ያረጀ፣ የተቀደደ ቁርኣን። አው ዩሱፍ ከየቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ የለቀሙት፤ እግር በማይረግጠው ንጹሕ መሬት ሊቀብሩት ነገ ጁምዓን ሲጠብቁ ነበር። የአላህ ስም ያለበት መሬት አይቀመጥም፤ ለዚያ ነው የተሰቀለው። የት አደረግሽው?»

«በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩት።» አልኩ። «ዛሬ ይወቀጣል።»

እማዬ እንዝርቷን እንደያዘች ከክፍላችን ወጥታ ሰምታለች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ዕቃችንን ዛሬውኑ እናውጣ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «በምን ዓይናችን እናያቸዋለን! አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረን የሰዎቹን ቅዱስ መጽሐፍ ልትወቅጥ?»

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ ሰዓት አለኝ?»

«ሦስት ተኩል ሆኗል» አሉ አባይ ሩቂያ። «አው ዩሱፍ መስጊድ ናቸው። ሂጂ! ሩጪ!»

መወቀጥ የሚጀመረው በአራት ሰዓት ነው።

በዚያች ጠባብ መንገድ እንዴት እንደሮጥኩ! ጀጎልን ለማታውቁ፣ መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማያሳልፍ ነው። ጫት የጫነች አህያ መንገዱን ሞልታው ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አለፍኩ። ፈረስ መጋላ ስደርስ አንድ እግር ኮንጎ ጫማዬ ተበጠሰ፤ በእጄ ያዝኩት። የታክሲ ሾፌሮቹ፣ «ኧረ እህት፣ ሌባው በየት ሄደ?» እያሉ ሳቁብኝ። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስደርስ ምን እላለሁ? ከሴቶቹ ግማሾቹ እስላሞች ናቸው። «በርሜሉ ውስጥ ቁርኣን አለ» ብዬ ብጮህ ግቢው ይደባለቃል። ዝም ብል ደግሞ በራሳቸው እጅ ይወቅጡታል። ጓድ አልማዝ ብትሰማ አሻጥር ትለዋለች፤ በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ግቢው ስገባ ዘነዘናው ድው ድው ይላል። ለእንግዳው ብለው ከሰዓቱ ቀድመው ጀምረዋል። ሁለት ሙቀጫ እየተወቀጠ ነው፤ ዓይኔን ወደ በርሜሎቹ ወረወርኩ። አንደኛውና ሁለተኛው ጎድለዋል። ሦስተኛው ሙሉ ነው። ግን ከዲጃ፣ የክፉ ቀን ጓደኛዬ ከዲጃ፣ ባዶ ሙቀጫ ሥሩ አቁማ ጣሳዋን ልትነክር ጎንበስ ብላለች።

አላሰብኩም። ሙቀጫውን በሁለት እጄ ገፍቼ ገለበጥኩትና ጀርባው ላይ ተቀመጥኩ።

«አቦ! ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ከዲጃ። «ጂኒ ያዘሽ እንዴ?»

«ተነሺ ብትዪኝም አልነሣም።»

«ማን ተነሺ አለሽ? ገና ልልሽ ነበር እኮ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ «ባል መጥቶላት ይሆናል፣ ተዋት ትቀመጥ» አለች። ላቤ እየወረደ፣ አንድ እግሬ ባዶ፣ የተበጠሰ ጫማ በእጄ ይዤ ሙቀጫ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። ዘነዘናው ቆመ። ዝም ሲል ጓድ አልማዝ ከቢሮዋ ወጣች።

«ምንድን ነው?» አለች በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጋሽ ወርቁን ላናግረው» አልኩ። «ለብቻው።»

ጋሽ ወርቁ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። በጆሮው ነገርኩት።  እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሦስት ጣት ያለበትን እጁን እስከ ክርኑ በርሜሉ ውስጥ ነከረ፣ አንድ ነገር ይዞ ወጣ።

ቅጠል ነው። ሙሉ፣ ያልተቀደደ ወረቀት፣ ውሃ እያንጠባጠበ። ጽሕፈት ግን የለበትም። ከቀዩ ቀለም ትንሽ ነጠብጣብ፣ ከጥቁሩ ጥላ የመሰለ ነገር ቀርቷል፤ ሌላው ባዶ ነው። ውሃው ጠቁሯል።

«አየሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። እንደዚያ ባለ ጊዜም ማስተማሩን አልተወም። «ጋዜጣው አንድ ሌሊት ዘፍዝፈነው ገንፎ ሆኗል፤ እሱ የእንጨት ነው። ይሄ የድሮ ነው፣ ከጨርቅ የተሠራ። ክሩ ረጅም ነው፣ ውሃ አይፈታውም። ቀለሙ ግን ጥላሸትና ሙጫ ስለሆነ ሄዷል።»

«የት ሄደ?»

«ውሃው ውስጥ።»

ከዲጃ ከላያችን ቆማ ስታይ ነበር። ከቀዩ ነጠብጣብና ከወረቀቱ ምን እንደሆነ አወቀች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሱብሀነላህ! ዘኑ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከዚያ በኋላ ምሥጢር የለም። አንዷ ጮኸች፣ አንዷ አለቀሰች፣ ሌላዋ ከንቱ ጠብ ልታነሣ «ክርስቲያኖቹ ሆን ብለው ነው» አለች። ከዲጃ ዞራ «ዝም በይ! ይቺን አላውቃትም?» አለቻት። ጓድ አልማዝ ፊሽካዋን ነፋች።

«ሃይማኖት እዚህ ግቢ ውስጥ የለም። ምርት ነው ያለው። እንግዳ በስምንት ሰዓት ይመጣል። በርሜሉ ይደፋ ወይም ይወቀጥ፣ አንዱን ምረጡ። ይሄን ያደረገችው ደግሞ በኋላ ትጠየቃለች።»

«አይደፋም!» አለች ከዲጃ።

«አይወቀጥም» አልኩ እኔ። ከሙቀጫው ላይ እስካሁን አልተነሣሁም።

እንዲህ ተፋጠን ሳለን በሩ ተከፈተ። አው ዩሱፍ ናቸው፣ በምርኩዛቸው። ከኋላቸው እማዬ፣ እንዝርቷን አሁንም እንደያዘች። ዕቃችንን ታወጣለች ያልኳት እናቴ፣ በሕይወቷ ደጃፉን ረግጣ ወደማታውቀው መስጊድ ሄዳ፣ ውጪ ቆማ፣ ሰው ልካ አስጠርታቸው፣ በራሷ አፍ ነግራቸዋለች። ስለዚያ መንገድ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ ምን እንደተባባሉ፣ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም።

ከሙቀጫው ላይ ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ምርኩዛቸውን አስቀደሙ። «ቁሚ። መጀመሪያ መልሺልኝ። ከዚህ ውሃ የተደፋ አለ?»

«የለም።»

«ከውስጡ የተወቀጠ አለ?»

«የለም፣ አው ዩሱፍ።»

ወደ ጋሽ ወርቁ ዞሩ። «ሶዳችሁ ገብቶበታል?»

«አልገባበትም። የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉና በርጩማ ጠይቀው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ያንን ቅጠል ጋሽ ወርቁ እጅ ላይ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ያያል። «ያረጀ ሙስሀፍ ሁለት መንገድ አለው» አሉ። «ወይ እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል፣ ወይ ጽሕፈቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። እኔ ቀብሩን ነበር ያሰብኩት። ይቺ ልጅ አጠበችው። ሳታውቅ ነው፤ አላህ ነይቷን፣ የልቧን ሐሳብ፣ ያያል። አሁን ቃሉ ያለው ወረቀቱ ላይ አይደለም፣ ውሃው ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃው ቦይ አይገባም።»

«የት ይግባ ታዲያ?» አለች ጓድ አልማዝ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ ሰማሁት።

«ቤቴ የሎሚ ዛፍ አለኝ፣ ዙሪያው በግንብ የታጠረ። ዶሮ እንኳ አይገባበትም።»

 ከአቦከር እስከ አው ዩሱፍ ቤት በባዶ እጅ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ውሃ ተሸክሞ ግን ቀላል አይደለም። በርሜሉ ሙሉ ነው። ጓድ አልማዝ ሰዓቷን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ እንደገና ሰዓቷን አየች።

«እኔ ቢሮ ገብቼ ሪፖርት እጽፋለሁ» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ ባዶ በርሜልና የቆመ ሥራ እንዳላይ። አሁን ያየሁት ነገር የለም።» ገብታ በሩን ዘጋች።

ጄሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ያገኘነውን ሁሉ ይዘን ተነሣን። እማዬ ነጠላዋን አጥፋ ማጥለያ አደረገችው፤ ጭቃው እንዲቀር፣ ውሃው ብቻ እንዲወርድ። ከዲጃ የመጀመሪያውን ባልዲ አነሣች፣ እኔ ሁለተኛውን። አሥራ አንድ ሴቶች በረድፍ፣ ጥቁር ውሃ ተሸክመን፣ ጠብታ እንዳይወድቅ እንደ ሙሽራ ቀስ እያልን በፈረስ መጋላ አለፍን። ጠዋት የሳቁብኝ ሾፌሮች «ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። «ዝም በል፣ መንገድ ልቀቅ» አለችው ከዲጃ ከፊት የቆመውን። ለቀቀ።

አራት ጊዜ ተመላለስን። አባይ ሩቂያ የግንቡን በር ከፍተው ይጠብቁናል። ውሃውን ከዛፉ ሥር ስናፈስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሦስተኛው ዙር ባልዲዬን ተቀበሉኝና ራሳቸው አፈሰሱት። «አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያች ቃል በኋላ ነው ያለቀስኩት።

በርሜሉ ሥር የቀረው ጭቃ፣ በማተሚያ የታተሙት የአዳዲሶቹ ቁርኣኖች ቅጠሎች እንደ ጋዜጣው የእንጨት ወረቀት ስለሆኑ ፈርሰው ከእሱ ጋር ተደባልቀው ነው፤ መለየት አይቻልም። ጋሽ ወርቁ ጠየቃቸው። አው ዩሱፍ አሰቡና፣ «ጽሕፈት የለበትም፣ ክር ነው። ግን የስኳር መጠቅለያ አይሆንም። ወፍራም አድርጋችሁ ሥሩት፣ ለመጽሐፍ ልባስ» አሉ። ስለዚህ አልተወቀጠም። በእጃችን እያሸን ፈታነው፤ እስላሟም ክርስቲያኗም እስከ ክርናችን ገብተን።

እንግዳው ሲመጣ ስምንት ከሩብ ነበር። ጋሽ ወርቁ ወንፊቱን ነክሮ አወጣ፣ ግራ ቀኝ ወዘወዘው፣ ውሃው ወረደ። «ይሄ ለምን ይውላል?» አለ እንግዳው።

«ለመጽሐፍ ልባስ» አለች ጓድ አልማዝ፣ ከማናችንም ቀድማ።

ሳይፈርሱ ከበርሜሉ ለይተን ያወጣናቸውን፣ ከጨርቅ የተሠሩትን የድሮ ቅጠሎች አው ዩሱፍ አድርቀው ጁምዓ ቀበሯቸው። እኔም ሄጄ ከሩቅ ቆምኩ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ለምን ይሄን ሁሉ እንዳወራኋችሁ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀት ሳላየው ቀድጄ አላውቅም። ማኅበሩ ግቢ ከሚመጣው አሮጌ ወረቀት እያንዳንዱን ማንበብ ጀመርኩ። የሰው ደብዳቤ፣ የትምህርት መጽሐፍ ቅዳጅ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የጠፋ ታሪክ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትን ትምህርት የቀጠልኩት ከዚያ ነው፤ አስተማሪዬ ጆንያ ነው ብላችሁ ሐሰት አይሆንም። አው ዩሱፍም መርፌ አያያዝ አስተማሩኝ። እሳቸው ይዳስሳሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፤ በዚያ ወፍራም ወረቀት ብዙ መጽሐፍ አለበስን። አሁንም ግን ሰላም አይሰጠኝም። ጽሑፍ ያለበት ነገር መሬት ወድቆ ሳይ አልፌ ሦስት እርምጃ እሄድና እመለሳለሁ። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፣ ምን ተሰቅሏል ብዬ። ሌላው የሚያከብረውን ሳልጠይቅ በራሴ ቤት ልማድ ለካሁት፤ ያ ነው ጥፋቴ። ብጠይቅ ኖሮ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።

እማዬ ዕቃችንን አላወጣችም። እዚያው ግቢ ኖራ እዚያው ሞተች። ማንበብ አትችልም ነበር፤ አማርኛውን ከዓረብኛው አትለይም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን መንገድ ላይ የተጻፈበት ወረቀት ወድቆ ስታገኝ፣ የሲጋራ ፓኮም ይሁን የቀበሌ ማስታወቂያ፣ ጎንበስ ብላ ታነሣና በነጠላዋ ጠርጋ ከግንቡ ድንጋይ መካከል ትወሽቀው ነበር።